አባቴ የለቀቀው ፈረስ

በአቃቂ በሰቃ ያረጀ የጋሪ ፈረስ አይሸጥም፣ አይገደልምም፤ ይለቀቃል። ጉልበቱ የከዳውን ፈረስ ባለቤቱ በጠዋት ይዞት ይወጣና ከድሮው የባቡር ሐዲድ ጎን ወዳለው ሣር ይወስደዋል። እዚያ ሲደርስ ከኪሱ ጨው የነካው ገብስ አውጥቶ በእጁ ያበላዋል። ጉንጩን ይዞ «ይቅር በለኝ» ይለዋል። ልጓሙን ያወልቅለትና ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። ዞሮ አያይም። ከዚያች ቀን በኋላ ያንን ፈረስ «ፈረሴ» ብሎ መጥራት ነውር ነው፤ መልሶ መያዝማ ጨርሶ አይታሰብም። የተፉት ምራቅ አይላስም ይላሉ ባለጋሪዎቹ።

ሕጉን ማን እንዳወጣው አባዬን ስጠይቀው «ጋሪ ተራ ነው ያወጣው» ይለኛል፤ ጋሪ ተራ ፓርላማ ይመስል። ጋሪ ተራ ማለት ገበያው አፍ ላይ ጋሪዎች ተሰልፈው የሚጫን ዕቃ የሚጠብቁበት ቦታ ነበር። አሁን የባጃጅ ተራ ሆኗል። ሽማግሌዎቹ ግን ጋሪያቸው ከቀረ በኋላም ጠዋት ጠዋት እየመጡ የድሮ ድንጋያቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ ባጃጆቹን በክፉ ዓይን እያዩ። ከአባዬ ጋር አራት ናቸው። አንዱ ሲያስነጥስ ሦስቱ «ይማርህ» ይሉታል፤ አንዱ ሲሳሳት ደግሞ ሦስቱ ዕድሜ ልኩን ያስታውሱለታል።

የእኛ ፈረስ ቤታችን የገባው እኔ ፊደል መቁጠር ስጀምር ነው። ዳማ ነው፣ ቀይ ሸክላ የመሰለ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት። ስም አልወጣለትም። ለፈረስ ስም ማውጣት የመኳንንት ቅብጠት ነው ይላል አባዬ። ሲጠራው «ኮቱ» ይለዋል፣ በኦሮምኛ «ና» ማለት ነው። አባዬ የተወለደው ዛሬ መጋዘንና ፋብሪካ በሞላው መሬት ላይ ነው፤ አያቶቼ ጤፍና ሽምብራ ያመርቱበት ነበር። መሬቱ ከሄደ በኋላ አባዬ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከፈረሱ ጋር በኦሮምኛ እያወራ ኖረ። ልጅ ሆኜ ፈረስ የተባለ ሁሉ አማርኛ የማይሰማ ይመስለኝ ነበር። ደግሞ ለፈረሱ የሚነግረው ብዙ ነው። ለእኛ «እንዴት አደራችሁ» ብሎ ዝም የሚለው ሰውዬ፣ በረት ሲገባ ወሬው አያልቅም። እቀና ነበር። እውነቴን ነው፣ በፈረስ እቀና ነበር።

እማዬ ቅናቷን አልደበቀችም። ፈረሱን «ጣውንቴ» ነው የምትለው። በልጅነቷ ከዘመዶቿ ጋር አቃቂ መጥታ እዚሁ ያደገች የጉራጌ ልጅ ናት፤ ብክነት የሚባል ነገር አይጥማትም። በረቱን ጠዋት የምትጠርገው እሷ ነበረች፣ እየጠረገችም ስድቡን ታወርደዋለች። «አንተ ገልቱ! አንተ ሆዳም! ላም ብትሆን ወተት ይገኝብህ ነበር፣ በሬ ብትሆን ለቅርጫ ትሆን ነበር። አንተ ምን ትረባለህ? ሥጋህ አይበላ፣ ወተትህ አይጠጣ!» ፈረሱ ሁለቱንም ጆሮዎቹን ወደ እሷ አዙሮ በጸጥታ ያዳምጣታል። አባዬን እንኳ እንደዚያ አዳምጦት አያውቅም።

ስለ ወጪው ከሆነ ሴትየዋ አልተሳሳተችም። ሰው የሚያየው ጋሪው ላይ የተጫነውን ነው እንጂ ፈረሱ ሆድ ውስጥ የሚገባውን አያይም። ጭድ አለ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭድ እንደ ወርቅ ይፈለጋል። ፉርሽካ አለ፤ ዶሮ አርቢውም ከብት አደላቢውም ስለሚሻሙበት ወፍጮ ቤት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። ሆዱ ሲነፋ መድኃኒት፣ ትከሻው ሲላጥ ቅባት፣ ኮቴው ሲያድግ የሚቆርጥለት ሰው። ባጃጅ ቆሞ ሲውል ነዳጅ አይጠጣም፤ ፈረስ እሑድም ይበላል። እርግጥ ነው፣ በደህናው ዘመን ያ ፈረስ ጎትቶ ነው እኔንም ወንድሜንም ያስተማረን። ይህን እማዬም ታውቃለች፤ ግን ማወቅ ከመሳደብ አያግድም።

ከዚያ ባጃጅ መጣ። ቀጥሎ ጋሪ አስፋልት ላይ እንዳይወጣ ተከለከለ። ከሱቁ እስከ መጋዘኑ ለአባዬ ሥራ የሚሰጠው አንድ ባለሱቅ ነበር፣ ከስልጤ የመጣ ጨዋ ሰው። «ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ እኔ ሌላ አልፈልግም» ይለው ነበር። እሱም በመጨረሻ አይሱዙ ገዛ፤ ምን ያድርግ፣ ስኳር በውስጥ ለውስጥ መንገድ እየተንገጫገጨ አይዘልቅም። ፈረሱም አረጀ፣ የፊት እግሩን ማነከስ ጀመረ። ጋሪው ተፈታ፤ በረቱን ሲሚንቶ አስለስነን አከራየነው። ተከራያችን ባጃጅ ነጂ ነው። አባዬ ኪራዩን ይቀበላል፣ ሰላምታውን ግን አይመልስም።

ፈረሱ ጥቂት ወራት ግቢያችን ውስጥ ጣራ ሥር ቆሞ በላ። እኔ ቃሊቲ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ፤ ደመወዜ ከባንክ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ፈረሱ ሆድ ይገባ ጀመር። እማዬ በስድብ፣ እኔ በማጉረምረም ቤቱን ሞላነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ገብስ በጨው ነካክቶ ኪሱ ውስጥ ሲከት አየሁትና ገባኝ።

«አብሬህ ልምጣ?» አልኩት።

«ነይ» አለኝ። እንዲህ በቀላሉ እሺ ብሎኝ አያውቅም።

ሐዲዱ ጋ ስንደርስ ሁሉንም እንደ ደንቡ አደረገ። ገብሱን አበላው። ጉንጩን ይዞ የነገረውን አልሰማሁትም፣ ከይቅርታው ግን የረዘመ ነገር ነበር። ልጓሙን አወለቀ፤ ዞረን መንገድ ጀመርን። ደንቡ ያልተናገረው አንድ ነገር መጣ፤ ፈረሱ ተከተለን።

«እየተከተለን ነው?» አለኝ አባዬ አንገቱን ሳያዞር።

«አዎ።»

«አትይው! ዝም ብለሽ ሂጂ።»

ፈጠንን። ፈረሱም ፈጠነ። ስልሳውን ያለፈ ሰው፣ ኮፍያውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ወደ ኋላ ላለማየት አንገቱን እንደ እንጨት አድርጎ ሲሮጥ አስቡት። ፈረሱ ሥራ የተገኘ መስሎት ይሆናል፣ እያነከሰ በደስታ ከኋላችን ይሶመሶማል። አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ግን ቀጥ አለ። አባዬ ሂድ ሳይለው አስፋልት ተሻግሮ አያውቅም፤ ዕድሜውን በሙሉ ተሳቢ መኪና እንዳይገጨው ያስተማረው ይህንን ነው። አባዬ ቃል ሳይተነፍስ ተሻገረ። እኔ ዞሬ አየሁ፤ ሕጉ እኔን አይመለከትም። ፈረሱ ጠርዙ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን አስረዝሞ ትእዛዙን ይጠብቃል። አባዬ ቤት እንደደረስን ገብቶ ተኛ፣ በጠራራ ፀሐይ።

የተለቀቁ ፈረሶችን በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያውቃቸዋል። ሣሩ ላይ ውለው ፀሐይ ሲበረታ አስፋልት ወጥተው የመንገዱ አካፋይ ላይ ይቆማሉ። የማያውቅ ሰው እብደት ይመስለዋል። እነሱ ግን ብልሃት አላቸው፤ ሲኖትራክ ሲያልፍ የሚያነሳው ንፋስ ዝንቡን ይጠርግላቸዋል። የእኛም ፈረስ ከእነሱ ተማረ። አስፋልት ያለ ትእዛዝ መሻገርን ከእነዚያ ዱርዬዎች ለምዶ፣ ሳምንት ሳይሞላው አንድ ጠዋት በራችን ላይ ተገኘ።

በሩን አላንኳኳም። ድሮ በረቱን እንከፍትለት በነበረው ሰዓት መጥቶ ይቆማል፣ አበቃ። ጭንቁ የአባዬ ሆነ። ቢወጣ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ቢያየው ነውር፣ ቢያልፈው ልቡ አይችልም። ስለዚህ ፈረሱ እስኪሄድ ቤት ውስጥ ተደብቆ ይጠብቃል። ሰንበት ቅዳሴ እየረፈደበት መጣ። ፈረስ ፈርቶ ቅዳሴ ያረፈደ በአቃቂ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

እማዬ የምትፈራው ነገር የላትም። በሩን ከፍታ ትወጣና የተለመደውን ታወርደዋለች፣ ገልቱ፣ ሆዳም፣ ሥጋህ የማይበላ። ከዚያ «ቆሻሻ ልድፋ» ትልና ከጉያዋ የጎመን ቅጠልና የድንች ልጣጭ አውጥታ እግሩ ሥር ትበትናለች። ከአንድ ቤት ይህን ያህል የጎመን ቅጠል ከየት ይወጣል ብዬ አንድ ቀን አየኋት፤ ለካ ከአትክልት ተራዋ ነጋዴ ትለምናለች። ለማን ነው ስትባል «ለዶሮ» ትላለች። ዶሮ የለንም።

እንዲህ ብለን እንኖር ነበር፤ አንድ ሳምንት ሞንታርቦ የጫነች መኪና ሰፈሩን እስክትዞር። ልቅ ፈረሶች መንገድ እየዘጉ አደጋ አብዝተዋል፤ ባለቤት የሆናችሁ እሑድ ጠዋት ሐዲዱ ጋ መጥታችሁ ውሰዱ፤ ባለቤት አልባ የሆኑት ተጭነው ከከተማ ይወጣሉ፤ ነበር የሚለው። በሰዎቹ መቆጣት አልቻልኩም። ከዚያ በፊት አንድ ሚኒባስ ፈረስ አድናለሁ ብሎ ተገልብጦ ሰው ተጎድቷል። መንገድ የፈረስ ማቆሚያ አይደለም፤ ይህ ማንም የማይክደው ነው። ተጭነው የት እንደሚሄዱ ግን አልተነገረም። አንዱ ሩቅ ሣር ወዳለበት ይላል፣ ሌላው ጅብ ወዳለበት። እግሩን የሚያነክስ ፈረስ የማያውቀው አገር ሲወርድ ምን ያህል ይቆያል? ይህን አባዬ ከሁላችንም በላይ ያውቃል። እህል አልበላ አለ። ተቀምጦ ግድግዳ ያያል።

«ሄደህ የኔ ነው በላ!» አልኩት። ቱግ ማለት የእኔ በሽታ ነው። «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው! ማን ከለከለህ?»

«ለቅቄዋለሁ።»

«ለቀቅከው፣ መልሰህ ያዘዋ!»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«የቱ ሰው? እነዚያ ሦስት ሽማግሌዎች?»

አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። «ልጄ፣» አለ፣ «የቀረኝ ሰው ሦስት ሽማግሌ ነው። መሬቱ ሄደ፣ ጋሪው ሄደ። ከእነሱ ጋር ደንብ አፍርሼ የት እቀመጣለሁ?»

እማዬ ሽንኩርት እየላጠች ሁሉንም ትሰማለች። አንድ ቃል አልወጣትም፤ እሷ ዝም ስትል ደስ አይለኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባዬ «እንዲያው ለማየት» ብሎ ሲወጣ ተከተልኩት። ሐዲዱ አጠገብ ሜዳው በገመድ ታጥሮ ፈረሶቹ ተሰብስበዋል፤ ሃያ ይሆናሉ። የጭነት መኪናው መወጣጫው ወርዶ ይጠብቃል። የእንስሳት ሐኪሟ ቦት ጫማ ያደረገች ወጣት ሴት ናት፣ በጣም ትሁት፤ ከእሷ ጋር ከወረዳ የመጣ አንድ ጎልማሳ አለ። ሦስቱ ሽማግሌዎችም መጥተዋል፣ እነሱም እንዲያው ለማየት። ባለሱቁ ሳይቀር ሱቁን ለሚስቱ ትቶ መጥቷል።

«ባለቤት ያለው ፈረስ አለ?» አለ ጎልማሳው።

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እንደሚባለው፣ አንዱ ሽማግሌ «ክረምቱ ዘንድሮ ቶሎ ገባ» አለ። ሌላው «ገባ» አለው። ከገመዱ ውስጥ አንዲት አሮጊት ነጭ ባዝራ ወጥታ ሦስተኛው ሽማግሌ ጀርባ ቆማ ኪሱን ታሸታለች። ዓይኖቹ ሞልተው ሰማይ ሰማዩን ያያል።

«አባት፣ ይህቺ የእርስዎ ናት?» አለችው ሐኪሟ።

«አይደለችም፣» አለ፣ ባዝራዋ ኪሱን እየጎተተችው።

የእኛ ፈረስ ከማዶ ቆሞ አባዬን ያያል። አባዬ የፋብሪካውን ጭስ ማውጫ ያያል። እነዚህን ሰዎች አንድ በአንድ ብነቀንቃቸው ደስ ባለኝ። ሁሉም ባለቤት እዚያው አለ፣ ሁሉም ፈረስ ባለቤቱን ያውቃል፣ መኪናው ደግሞ ሞተሩን አስነስቷል። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት አባዬ ክንዴን ያዘኝ።

በዚህ መሃል እማዬ መጣች። ገበያ ነበር የሄደችው፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች፣ ዘንቢሏን በክንዷ አንጠልጥላለች፣ የሠርግ ምግብ ሊበላሽባት እንደደረሰ ሰው ነው የምትራመደው። ማንንም ሰላም አላለችም።

«የኔ ነው» አለች።

«የቱ፣ እማማ?» አለች ሐኪሟ።

«ያ። ያ ገልቱው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ባለቤቱ መሆንዎን በምን እንወቅ?»

እማዬ ገመዱ ጋ ቀረበች፣ ዘንቢሉን አስቀመጠች፣ እጆቿን ወገቧ ላይ አደረገች። «አንተ ገልቱ! አንተ ሆዳም! ከነዚህ ዱርዬዎች ጋር ተገትረህ ምን ትሠራለህ? ሰው የሌለህ ይመስል! ሥጋህ አይበላ፣ ወተትህ አይጠጣ!»

ፈረሱ ጆሮዎቹን ቀሰረ። ከዚያ የቆሙትን በትከሻው እየገፋ፣ እያነከሰ መጥቶ ግንባሩን ደረቷ ላይ አስደገፈ። እሷ መስደቧን አላቆመችም። እሱም አፍንጫውን ሰድዶ ዘንቢሉን መበርበር ጀመረ። ሐኪሟ ፊቷን አዞረች፣ ሳቋን ልትደብቅ።

ጎልማሳው ግን ሥራውን ይዞ ነው የመጣው። አባዬን አወቀው። «አባት፣ ይህን ፈረስ ሰፈሩ በእርስዎ ነው የሚያውቀው። የእርስዎ ነው?»

«አይደለም፣» አለ አባዬ ድምፁ ሰልሎ። «ለቅቄዋለሁ።»

«ይኸው፣ ለቅቄዋለሁ እያሉ ነው እማማ።»

«የሱን ለቀቀ፣» አለች እማዬ። «የኔን ማን ለቀቀው? ይህን ፈረስ ስንገዛ ተጋብተን ነበር። በትዳር የተገኘ ነገር የሁለት ነው፤ እናንተ ናችሁ በየስብሰባው እንዲህ የምትሉን። ግማሹ የኔ ነው። እኔን ሳያማክር የራሱን ግማሽ ጨው አብልቶ ለቀቀ፤ ይልቀቅ። እኔ ይቅር በለኝ አላልኩት፣ ጀርባዬን አልሰጠሁት። አቦን! አልለቀቅኩም!»

ጎልማሳው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ፣ እንደ ዳኛ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ደንባቸው ስለ ሚስት የሚለው ነገር የለም፤ ከዚህ በፊት ፈረስ የምትፈልግ ሚስት ስላልገጠማቸው ይሆናል። በመጨረሻ በዕድሜ የሚበልጣቸው ጉሮሮውን ጠረገ።

«የለቀቀ አይያዝ ነው ደንቡ፣» አለ። «ያልለቀቀ አይያዝ የሚል የለም።»

ባለሱቁ በእጁ አፉን ያዘ። ጎልማሳው ራሱን ነቀነቀና «እንግዲያው አስፋልት ላይ እንዳይወጣ፤ ግቢ ይታሰር፣ ይከተብ» አላት። እሷም «አንተ ሳትወለድ ነው ፈረስ የጠበቅኩት» አለችው፤ ገመድ ግን ከእሱው ተዋሰች።

አባዬ እስከዚያ ድረስ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ስታልፍ እንዲህ አላት፣ ቀስ ብሎ፣ እኔና እሷ ብቻ በምንሰማው ድምፅ፦

«ዘመንሽን ስትረግሚው አልነበር እንዴ?»

«መርገም ሌላ፣ መልቀቅ ሌላ» አለችው። «አንተንስ ስረግምህ አይደለም የኖርኩት?»

ሌሎቹን ጫኗቸው። ወደ ደህና ሣር ነው የሄዱት አሉን፤ እኔ ማመን እፈልጋለሁ። የነጯ ባዝራ ሽማግሌ መኪናው ከዓይን እስኪሰወር ቆሞ ቀረ። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። እማዬ ይህን አስባ ነው መሰለኝ፣ ቤት ስንደርስ ቀድማ ያደረገችው ነገር ሽማግሌው ምሳ እንዲመጣ መላክ ነው። አልመጣም።

ፈረሱን ጣራ ሥር፣ ከተከራያችን ባጃጅ ጎን አሰርነው። ተከራዩ ከሥራ ሲመጣ አየውና ባጃጁን ጠጋ አደረገለት። እኔ ቆሜ ማስላት ጀምሬያለሁ፤ ጭድ፣ ፉርሽካ፣ ክትባት፣ ያቺ ደመወዜ። እማዬ ቅንድቤን አይታ ገባት። «የሚበላውን ይበላል፣ እንደ አንቺው» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል።

አባዬ ከእኛ ጋር ቤት አልገባም። ምሳ ቀረበ፣ አልመጣም። ጋሪ ተራ ሰው ላክሁ፣ እዚያም የለም። ዝናብ መጥቶ ጣለ፣ አባራ። እማዬ በሩን እያየች «ይኼ ሰውዬ ወዴት ገባ» ማለት ጀመረች፣ መጀመሪያ በስድብ፣ በኋላ ያለ ስድብ። ፈረሱም በሩን ያያል።

አመሻሽ ላይ በሩ ተገፋ። አባዬ ከወንዙ ዳር ያጨደውን እርጥብ ሣር ራሱ ተሸክሞ መጣ፤ ዕድሜውን ሁሉ ሸክም በፈረስ ሲያስጎትት የኖረ ሰው፣ ወገቡ ጎብጦ፣ ውሃው በአንገቱ እየወረደ። ወደ ፈረሱ አልሄደም፤ ቀና ብሎም አላየውም። ቀጥ ብሎ እማዬ ጋ መጥቶ ሸክሙን እግሯ ሥር አወረደ።

«ምንድነው ይኼ?» አለችው።

ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ለፈረስሽ ነው» አላት።